ሦስት ግልባጭ ያለው ዓሣ

ባለፈው ጥቅምት የጋሽ ገረመው ልጅ ሂሩት አዳማ ቤቴ ድረስ መጥታ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ደብተር ሰጠችኝ። አባቷ ካረፉ አርባቸው ወጥቶ ነበር። "እትዬ በላይነሽ፣ የአባዬን ሳጥን ስናስተካክል አገኘነው። የዓሣ ነገር ስለሆነ እኛ አይገባንም፤ እርስዎ ያነቡታል ብለን ነው" አለችኝና ቁጭ በይ ብላት እንኳ እምቢ ብላ ቸኩላ ሄደች። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁለት ቀን ዙሪያውን ስዞር ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት። ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እኔ ሲፈጥረኝ ድንጉጥ ነኝ። እናቴ "ይቺ ልጅ የገዛ ጥላዋ ያስበረግጋታል" ትል ነበር። በሥራ ዘመኔም ብዙ ደንግጫለሁ፤ በዓሣ ደንግጫለሁ፣ በካድሬ ደንግጫለሁ፣ በራሴም ደንግጫለሁ። የዚህ ገጽ ድንጋጤ ግን የተለየ ነው፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ነገር ገልብጦ አሳየኝ። ምን እንደነበረበት ለመናገር ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ዘመን፣ አዳማን ገና ናዝሬት እያልን በምንጠራበት ጊዜ፣ የወባ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ደሞዜ ለቤታችን ኪራይና ለጫማዬ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። ከወንጂ የሸንኮራ እርሻ፣ ከሶደሬ፣ ከአዋሽ ዳር መንደሮች በየቀኑ ደም የተቀባበት ስላይድ በሳጥን ይመጣልናል። ስላይድ ማለት ጣት የምታክል ስስ መስታወት ናት። ጊምሳ በሚባል ሰማያዊ ቀለም እንነክራታለን፣ በማይክሮስኮፕ እናያለን፣ የወባው ተሕዋስ አለ ወይም የለም ብለን እንጽፋለን። በአንድ ሺህ የደም ሕዋስ መሀል አንዲት ቀለበት የመሰለች ወባ ፈልጎ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ድንጉጥ ብሆንም ዓይኔ አይቸኩልም።

አለቃችን አቶ ሳህሌ አንድ ሕግ ነበራቸው። በደንብ የተቀባውና የተነበበው ስላይድ ለሁለተኛ ሰው ምርመራ ይቀመጣል። የተደራረበው፣ የደፈረሰው፣ ለዓይን የማይመቸው ግን በዚያው ቀን በኦሞና በአልኮል ታጥቦ ይመለሳል። የተነበበውም ሪፖርቱ ከሄደ በኋላ ይታጠባል። መስታወቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ የለም፣ አንዱ ሲሰበር ምትክ አይገኝም። "ስላይድ የሚሰብር ሰው የትንኝ ዘመድ ነው" ይሉን ነበር አቶ ሳህሌ። እኔ መቶ ስላይድ አጥቤ አንድም ሳልጭር እመልሳለሁ። በዚህ እኮራ ነበር፤ ሰው በምን በምን እንደሚኮራ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ዝዋይ ተዛወርኩ። ሐይቁ ዳር፣ ወደ አዳሚ ቱሉ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ፣ አንድ ትንሽ የዓሣ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶ ጊምሳ የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ነበር። ዓሣ ወባ ይዞት እንደሆነ እንጂ ሌላ ምን ሊያደርጉበት ነው ብዬ ከናዝሬት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በሞጆና በመቂ አልፌ ጣቢያው ስደርስ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ጋዋን የለበሱ ሰው በር ላይ ጠበቁኝ። አቶ ገረመው እኚህ ናቸው፤ እኛ ሁላችን ጋሽ ገረመው ነበር የምንላቸው። የሰላሌ ደብተራ ልጅ ናቸው፤ ውጭ አገር ተምረው ተመልሰዋል።

"ወባ ታውቂያለሽ አሉ" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ጥሩ። እዚህ የምንፈልገው በሽታ አይደለም። ጤነኛ ዓሣ ስንት ክር እንዳለው ነው የምንቆጥረው።"

ክር የሚሉት ክሮሞሶምን ነው። ወላጅ ለልጅ የሚያወርሰው መመሪያ ሁሉ፣ ጂን የምንለው፣ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ በእነዚህ ክሮች ላይ ተሰድሮ ይገኛል። ክሮቹ የሚታዩት ሴሉ ለሁለት ሊከፈል ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ ዓሣው በሕይወት እያለ ሴሉን በዚያች ሰዓት ላይ የሚያስቆም መድኃኒት ይወጋል፣ ለጥቂት ሰዓት በበርሜል ውኃ ውስጥ ይዋኛል፣ ከዚያ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ጠቆር ያለ ኩላሊቱ ይወጣል። የመጀመሪያውን ዓሣ ስከፍት ልቡ እጄ ላይ ይመታ ነበር። መቀሱን ጥዬ ውጭ ወጣሁ። ጋሽ ገረመው አልተቆጡኝም፤ ተከትለውኝ ወጥተው ሐይቁን እያዩ "ከደነገጥሽ አይቀር አንዴ ደንግጠሽ ጨርሺ፤ ዓሣው ሁለት ጊዜ አይሞትም" አሉኝ። ተመልሼ ገባሁ።

የጋሽ ገረመውን ሥራ ለመግለጽ ቃል ያንሰኛል። ኩላሊቱን ከትፈው፣ ሴሉ ውኃ ጠጥቶ እንዲነፋ ቀለል ባለ የጨው ውኃ ውስጥ ያቆዩታል። ከዚያ አሲድና አልኮል በዚያው ሰዓት ቀላቅለው ሴሉን ባለበት ያጸኑበታል፤ የትናንት ቅልቅል አይነኩም። ጠብታዋን የሚጥሉት ከክንድ ከፍታ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በረጠበ ስላይድ ላይ ነው። ከዚያ ዝቅ ካለች ክሮቹ ተቆላልፈው ይቀራሉ፤ ከዚያ ከፍ ካለች ሴሉ ከልክ በላይ ይፈነዳና ክሮቹ ይበተናሉ፣ የተወሰነው ይጠፋል። ጠብታዋ እንዳረፈች አንድ ጊዜ እፍ ይላሉ። ሁለተኛ እፍ የለም።

ከዚያ መሣል ነው። አንድ ዓይናቸው ማይክሮስኮፑ ላይ፣ ሌላው ወረቀቱ ላይ ሆኖ እያንዳንዷን ክር በእርሳስ አሳድገው ይሥላሉ። እርሳሳቸው ባንድ ጫፉ ጥቁር፣ በሌላው ቀይ ነው፤ በምላጭ የሚቀርጹት ራሳቸው ናቸው። ሥለው ሲጨርሱ ወረቀቱን ለእኔ ሰጥተው ከክፍሉ ይወጣሉ። "የሣለ አይቆጥርም" ይላሉ። እኔ ከወተት ጣሳ ውስጥ ሽምብራ አውጥቼ በእያንዳንዷ ክር ላይ አንዳንድ ፍሬ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ ሽምብራውን አሥር አሥር አድርጌ እሰበስባለሁ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ስንቆጥር አርባ አራት ሽምብራ ሆነ፤ አምባዛ ሃምሳ ስድስት። ስላይዶቹን ደግሞ ጋሽ ገረመው ራሳቸው በእንጨት ሳጥን ይደረድሯቸዋል። ያን ሁሉ መስታወት ሳይታጠብ ስለሚያስቀምጡ፣ በሆዴ ትንሽ አባካኝ ናቸው እላቸው ነበር።

ሦስተኛው የሐይቁ ዓሣ ቢልጫ ነው። እሱን ልንጀምር ስንል ጋሽ ገረመው ወደ ሠፈራ ዘመቻ ታዘዙ። ያን ጊዜ ሲታዘዙ መቼ እመለሳለሁ ተብሎ አይጠየቅም። ቦርሳቸውን ይዘው ጣቢያው በር ላይ ቆመው "ቢልጫን ጀምሪው። የዘመዶቹ ክር ሃምሳ ገደማ ነው፤ እሱም ከዚያ አይርቅም" አሉኝ። ለወራት ሄዱ።

ቢልጫውን በሕይወት የሚያመጡልን ኦቦ ቱፋ የሚባሉ የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። በርሜላቸውን በአህያ ጋሪ ጭነው ጠዋት ይደርሳሉ። "አካም ቡልቴ፣ በላይነሽ? ዛሬ ሰባት አምጥቻለሁ፤ ሁሉም አፉ ሌላ ሌላ ነው።" እውነታቸውን ነበር። አንዱ ከንፈሩ ሥጋ የተለጠፈበት ይመስል ወፍራም፣ ሌላው ስስ፣ ሌላው ወደ ታች የዞረ። "እኛ ግን አንድ ስም ነው እንጠራዋለን" ይሉ ነበር ኦቦ ቱፋ፣ ነገሩ ለእሳቸውም ያላለቀ ጥያቄ እንደሆነ ሁሉ።

ሥራው አላምር አለኝ። ክሮቹ ብዙ፣ ደቃቃ፣ እንደ ተበተነ ጤፍ ሆኑብኝ። በደንብ የተዘረጋ በሚመስለው ሁሉ ላይ መቶ አርባ ምናምን፣ መቶ ሃምሳ እቆጥራለሁ። ሦስት ሴል አንዱ በአንዱ ላይ ወድቆ ነው አልኩ። እንዲህ ያለውን በወባ ትምህርቴ አውቀዋለሁ፤ የተደራረበ ስላይድ አይነበብም፣ ይታጠባል። በዚያው ቀን አጠብኩት። ሠላሳ የሆነውን ተሰብሯል ብዬ አጠብኩ፣ ሰባ የሆነውን ተደራርቧል ብዬ አጠብኩ። ሃምሳ አካባቢ የሆነውን ብቻ አስቀረሁ። ጋሽ ገረመው ስለሌሉ የምሥለውም፣ የምቆጥረውም፣ የምጽፈውም እኔው ነበርኩ። ያኔ ይሄ ማጭበርበር አይመስለኝም ነበር፤ ጥራት ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ገረመው ከዘመቻ ከስተው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ተመለሱ። ያዩትን አልነገሩንም። ሰንጠረዤን ሳሳያቸው ግን ፊታቸው በራ። አርባ ስምንት፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ፣ አርባ ዘጠኝ፤ እንደ ሰልፈኛ የተስተካከለ ነበር። ሪፖርት ጻፉ፤ ሪፖርቱ የጣቢያው የዓመቱ ዕቅድ ተፈጽሟል ተብሎ ወደ በላይ አካል ሄደ፣ በስብሰባም ተነበበ። አንድ ግልባጭ ደግሞ ውጭ አገር ላስተማሯቸው መምህር ላኩ። እኔም ሪፖርቱ ከሄደ በኋላ፣ አቶ ሳህሌ እንዳስተማሩኝ፣ የቀሩትን የቢልጫ ስላይዶች በሙሉ አጠብኩ።

መልሱ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ መጀመሪያ የሚከፈተው የጣቢያው ካድሬ በነበረው በጓድ ታደለ ቢሮ ነበር። ጓድ ታደለ ወጣት፣ ሁልጊዜ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ከመምህርነት ወደ ካድሬነት የገባ ሰው ነው። ደብዳቤውን ይዞ ላቦራቶሪያችን መጣና ማይክሮስኮፑ አጠገብ ቆመ። ጋሽ ገረመው አነበቡት፤ ለእኔም በአማርኛ ነገሩኝ። መምህራቸው በትሕትና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቀው ነበር፦ በጣም በደንብ የተዘረጉት ሴሎች ስንት አሳዩ? ስላይዶቹንስ ልትልኩልኝ ትችላላችሁ?

"በላይነሽ፣ የቢልጫን ሳጥን አምጪልኝ" አሉኝ ጋሽ ገረመው።

አመጣሁ። ክዳኑን ከፈቱ። ስላይዶቹ ሁሉም ነበሩ፤ ንጹህ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ባዶ። አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ቀለም ፍለጋ አገላበጡት። ሌላውን አነሱ።

"ታጥበዋል" አልኩ።

ጋሽ ገረመው ስላይዱን ወደ ሳጥኑ መለሱ። የሰው ፊት ደም ሲለቀው አይቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም። ጓድ ታደለ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን እያየ ከወተት ጣሳው ሽምብራ ዘግኖ መቆርጠም ጀመረ። "ማስረጃው የለም ማለት ነው?" አለ። ማስረጃ በሚለው ቃል ሁላችንም ምን እንደሰማን እናውቃለን። በዚያ ዘመን ተፈጽሟል ተብሎ የተነበበ ዕቅድ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ስሙ ስህተት አይደለም፤ አሻጥር ነው። በአሻጥር የተያዘ ሰው ደግሞ ሥራው ብቻ አይደለም የሚሄደው።

በማግስቱ ኦቦ ቱፋ ዓሣ አመጡ። ጋሽ ገረመው ሁሉንም በእጃቸው ሠሩት። እሳቸው ሣሉ፣ እኔ ቆጠርኩ። ሽምብራው መቶ ሃምሳ ሆነ።

"ሦስት ሴል ተደራርቦ ነው ጋሼ። እኔም ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚሆንብኝ" አልኩ።

"ሁልጊዜ?"

"በደንብ የተዘረጋው ሁሉ።"

"ሁልጊዜ ሦስት?" አሉኝ። "ሁለት ሆኖ አያውቅም? አራትስ?"

ወረቀቱን እንደገና አየሁት። ሦስት ሴል በአጋጣሚ አንድ ጊዜ ይደራረብ ይሆናል። በየቀኑ፣ በየዓሣው፣ ሁልጊዜ ሦስት ሆኖ፣ ክሩም መቶ ሃምሳ አካባቢ ሆኖ አይደራረብም። አንድ ሴል ነበር። ለወራት በኦሞ ሳጥበው የነበረው እውነቱን ነው፤ ያስቀረሁት ሁሉ ፈንድቶ ግማሽ ክሩ የጠፋበትን ስብርባሪ ነበር። ጋሽ ገረመው ተነሥተው ወደ መደርደሪያው ሄዱ፣ ከታች አንድ አሮጌ ደብተር አወጡ፣ አንድ ገጽ ከፍተው ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በእርሳሳቸው አንድ መስመር ጽፈው መልሰው አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል። እንዲያ ባለ ጭንቅ ውስጥ ሆነው ደስ አላቸው። ሌሎች ሁለት ዓሣዎች ቆጥረን ያው መቶ ሃምሳ ሲሆን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ደብዳቤ በታይፕ ስትመቺ ስንት ታወጪያለሽ?"

"ሦስት። አንዱ ለሚመለከተው፣ አንዱ ለበላይ፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት።"

"ዋናው ላይ አንድ ቃል ብትሳሳቺ?"

"ሥራው ይበላሻል።"

"መዝገብ ቤት ያለው ላይ አንድ ሰው ቢሞነጫጭርበትስ?"

"ማን ያየዋል?"

"ቢልጫም እንደሱ ነው። የዱሮ አባቶቹ መመሪያቸውን በሙሉ፣ ከአንድ እስከ መጨረሻው፣ ሦስት ግልባጭ አድርገው አወረሱት። አንዱ ሥራውን ይሠራል። ሌሎቹ ነፃ ናቸው፤ ሊጠፉ ይችላሉ፣ ሊሰረዙ ይችላሉ፣ ወይ ደግሞ ሲሞነጫጨሩ ኖረው አንድ ቀን አዲስ ሥራ ይማራሉ።" ከዚያ ዘግይቶ ስለደረሳቸው አንድ መጽሔት ነገሩኝ። በዝንብ ላይ ጎን ለጎን የተሰደሩ ጂኖች ተገኝተዋል፤ የፊተኛው ስለ ራስ ያዛል፣ ቀጣዩ ስለ ደረት፣ የኋለኛው ስለ ጭራ። ጂኖቹ በክሩ ላይ የተሰደሩበት ተራ የአካሉ ተራ ነው። እንቁራሪትና አይጥ ውስጥም ተመሳሳዩ ሲገኝ ሰው ጉድ ብሏል። "እንግዲህ ይሄ ዓሣ ሁሉንም ሦስት ጊዜ ከተቀበለ፣ አካልን የሚያዘው ያ ረድፍም ሦስት ጊዜ ደርሶታል ማለት ነው። ትርፎቹ ረድፎች ምን እየሠሩ ነው? የኦቦ ቱፋ ቢልጫ አፉ ሌላ ሌላ የሆነው በዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም። በእኛ ዕቃ ያንን ማየት አንችልም። መቁጠር ግን እንችላለን።"

እኔ የማስበው ስለ እስር ነበር። እሳቸው ስለ ዓሣ ከንፈር ያወሩኛል።

የእርምት ደብዳቤውን እኔ በሦስት ግልባጭ መታሁት። ጓድ ታደለ ሲያነበው ለመናደድም አልቻለ። "ጋሽ ገረመው፣ ቀድሞ ሃምሳ አልን። አሁን መቶ ሃምሳ። ሌላ ደብዳቤ ሲመጣ ሁለት መቶ ልንል ነው?" አለ። ከዚያ በሩን ዘግቶ ድምፁን ቀነሰ። ክፉ ሰው አልነበረም። "የውጪው ደብዳቤ ሳይደርሰን ጠፋ እንበል። ስለ ቢልጫ ክር ማን ይጠይቃል? ይተዉት።"

"ዓሣውን የቆጠረ ሁሉ ይጠይቃል" አሉ ጋሽ ገረመው።

"እንግዲያው ዓርብ በሂስና ግለ ሂስ ላይ ይቅረብ። ማን እንዳጠበ ብቻ ይታወቅ፤ ቀሪውን እኔ ለማለስለስ እሞክራለሁ።"

ሂስና ግለ ሂስ ያልደረሰበት ሰው ይሄን ላይረዳው ይችላል። ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በአዳራሹ እንሰበሰባለን፤ እያንዳንዱ ተነሥቶ ጥፋቱን ይናገራል። እውነተኛ ጥፋት ግን ማንም አይናገርም። "አሥር ደቂቃ አርፍጃለሁ፣ አርማለሁ" ይባላል። እኔ ማይክሮስኮፑን ሳልሸፍን ሄጃለሁ እያልኩ አንዲቱን ጥፋት ስንት ወር ተጠቅሜባታለሁ። የዚያን ዓርብ ዘበኛው ስለ ማርፈዱ ተናገረ፣ ሾፌሩ ስለ ጎማ ተናገረ፣ ከዚያ ጋሽ ገረመው ተነሡ።

"በሪፖርቱ ላይ የቀረበው የቢልጫ ቁጥር ስህተት ነው" አሉ። "ትክክለኛው መቶ ሃምሳ ነው።"

"ስላይዶቹን ማን አጠበ?" አለ ጓድ ታደለ።

"ቢልጫን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ስላይዱን ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ይሄ ግለ ሂሴ ነው።"

ተነሺ አልኩት ራሴን። አልተነሣሁም። እናቴን አሰብኩ፣ የታሠሩ ሰዎችን አሰብኩ፣ ጋሽ ገረመው ወደ እኔ እንዲያዩ ጠበቅኩ። አላዩኝም። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ፣ ማይክሮስኮፑን ሳልሸፍን ሄጃለሁ፣ አርማለሁ አልኩና ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ መጥተው ወሰዷቸው። ለጥቂት ቀናት ታስረው ተፈቱ፤ ጓድ ታደለ አለሰልሳለሁ ያለው ይሄን ነበር። ከዚያ ሞጆ አንድ መጋዘን ውስጥ ንብረት ጠባቂ ሆነው ተመደቡ። ማይክሮስኮፕ ዳግመኛ አልነኩም። የእርምት ደብዳቤውም መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ። እኔ ወደ ናዝሬት ወባ ተመልሼ ጡረታ እስክወጣ ስላይድ አነበብኩ፤ ማጠቡን ግን እምቢ አልኩ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ኦሞ እጄን ያሳክከኛል አልኩ።

ናዝሬትና አዲስ አበባ ስመላለስ አውቶቡሱ ሞጆ ይቆማል። ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ወርጄ አልጠየቅኳቸውም። ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን አውቶቡሱ ተበላሽቶ ስንወርድ መንገድ ዳር ብርቱካን ሲገዙ አየኋቸው። ሰላም አሉኝ፣ ከብርቱካኑ ሰጡኝ፣ "አሁንም ትቆጥሪያለሽ?" አሉኝ። ያን ጊዜ ተንፍሼ "ጋሼ፣ ያን ቀን ለእኔ ብለው..." ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለአንቺ ብዬ የተናገርኩት ነገር የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ፤ የእኔ ነው" አሉኝ። ደግነታቸው ነው ብዬ አለቀስኩ። ዓመታት አልፈው አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት የቢልጫ ክር መቶ ሃምሳ መሆኑ እንደታወቀ ነገረችኝ። አካልን የሚያዘው ረድፍ አይጥና ሰው ላይ አራት ሲሆን፣ የብዙ ዓሣ ቅድመ አያት ሁሉን ነገር እጥፍ ስላደረገ ስምንት ሆኖ፣ ከዚያ ጥቂቱ እየጠፋ አንዳንዱ ዓሣ ሰባት ይዞ እንደቀረም አስረዳችኝ። የምትናገረውን ከዚያ በፊት ከወተት ጣሳ አጠገብ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። አላልኳትም፤ ብል ኖሮ ማን እንደነገረኝና የት እንደደረሱ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ወደ ሃያ ሦስተኛው ገጽ ልመለስ። ቀኑ የተጻፈው እኔ ጣቢያው ከመግባቴ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ገጹን የሞላው በጋሽ ገረመው እጅ የተሣለ አንድ ሴል ነው። ከላይ "ቢልጫ" ይላል። ከታች በጥቁር እርሳስ፣ በዚያ በሚያምር የደብተራ ልጅ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ "150። ሦስት ሴል ተደራርቧል። አይቆጠርም። ስላይዱ ታጥቧል።" ከሥሩ ደግሞ በእርሳሱ በቀዩ ጫፍ፣ አብረን መቶ ሃምሳ በቆጠርንበት ቀን የተጻፈ ሌላ መስመር አለ፦ "ያን ጊዜ ለምን ሦስት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የሣልኩትም የቆጠርኩትም ብቻዬን ነበር።"

ቤት ውስጥ ሽምብራ ነበረኝ። መነጽሬን አድርጌ በእያንዳንዷ ክር ላይ አንዳንድ ፍሬ አስቀመጥኩ፤ አሥር አሥር አድርጌ ሰበሰብኩ። መቶ ሃምሳ ሆነ።

ይሄን ሁሉ ዘመን ጋሽ ገረመው እኔን ለመሸፈን ዋሹ እያልኩ ኖሬአለሁ። ስለ እሳቸው ስጸልይ፣ ሻማ ሳበራላቸው፣ ስለ ደግነታቸው ለልጆቼ ስናገር ነበር። አልዋሹም። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ያጠብኩትም እኔ ነኝ ሲሉ ቃል በቃል እውነታቸውን ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሰው ስለ ማርፈድና ስለ ጎማ ሲያወራ እውነተኛ ግለ ሂስ ያደረጉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ የተሸፈንኩት በእሳቸው ውሸት አልነበረም፤ በራሴ ዝምታ ነው። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ትናንት ሂሩትን ጠርቼ ደብተሩን መለስኩላት። ከመስጠቴ በፊት ቀይ እርሳስ ገዝቼ ከአባቷ መስመር ሥር አንድ መስመር ጨምሬአለሁ። ቆማ አነበበችው። "የቀሩትን ስላይዶች በሙሉ ያጠብኩት እኔ ነኝ። በዚያ ዓርብ ተቀምጬ ቀረሁ። በላይነሽ" ይላል።

"መቼ ነው የጻፉት እትዬ?" አለችኝ።

"ዛሬ ጠዋት" አልኳት።